ኳሱ ሩቅ ሳለ

በአዳማ ለወጣት ቡድን ሙከራ ስናደርግ ዝርዝሩ የሚሞላበት ቅደም ተከተል በየዓመቱ ያው ነው። አጥቂዎቹ ከምሳ በፊት ይታወቃሉ። በመስመር የሚከንፉት፣ አብዶ የሚሠሩት፣ በግራ እግራቸው የሚያሻሙት ስማቸው ቶሎ ይጻፋል። በረኛው በቁመቱና በእጁ ይለያል። አማካዮቹ ላይ ትንሽ ክርክር ይነሳል፤ እሱም ያልቃል። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተከላካይ ቦታ ነው። በዚያ ሰዓት ሁላችንም ደክመናል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ልጆቹ የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣቸው ይቁነጠነጣሉ፣ ከአሰልጣኞቹ አንዱ «ከሁለቱ ረጅሙን ያዝና እንጨርስ» ይላል። እኔ በሥራዬ ሁሉ አብልጬ የምጠነቀቅለት ያ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ልጆች ማንም ይመርጣቸዋል። መራጭ ዓይን ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው በመጨረሻው ልጅ ነው።

ችግሩ ሙከራ የሚባለው ነገር ራሱ ለአጥቂ የተመቸ መሆኑ ነው። ከሞጆ፣ ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነጌሌ፣ ከሻሸመኔ በማለዳ ሚኒባስ የመጡ፣ ታኬታቸውን በፌስታል የያዙ ልጆች ይመዘገባሉ። የማይተዋወቁ አሥራ አንድ ልጆች አንድ ዓይነት ማሊያ ይለብሱና ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። አጥቂ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ካለፈ በቃው፣ ታይቷል። ተከላካይ ግን ብቻውን አይከላከልም፤ ከሌሎች ሦስት ጋር ነው፤ እነዚያን ሦስቱን ደግሞ ያወቃቸው ዛሬ ጠዋት ነው። መስመር አብሮት የሚይዝ የለም። ጨዋታ ውጪ የሚያነሳ ረዳት ዳኛ የለም። አማካዩ ለመታየት ብሎ ወደፊት ይሄድና አይመለስም። ሁለት አጥቂ ሲመጣበት አንዱን ሲይዝ ሌላው ያገባል፤ ማስታወሻው ላይም «ደካማ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ከዚህ የሚብሰው ግን በሙከራ ቀን ጥሩ መስሎ የሚታየው ተከላካይ ነው። ሸርተቴ እየወረደ ኳሱን ከነአጥቂው የሚጠርግ ልጅ ከሜዳው ዳር ጭብጨባ ያገኛል። እኔ ሸርተቴ ባየሁ ቁጥር ሐሳቤን ወደ ኋላ እመልሳለሁ፤ ሁለት ቅብብል ሲቀር ይህ ልጅ የት ነበር የቆመው? ብዙ ጊዜ መሆን ከነበረበት ቦታ ሦስት ሜትር ርቆ ነው። ሸርተቴው ያንን ሦስት ሜትር ለማካካስ የመጣ ነው። በትክክለኛው ቦታ የቆመው ልጅ መሬት አይወርድም። አጥቂው ኳስ ስጡኝ ብሎ እጁን አያነሳም፤ አማካዩ ወደዚያ ሊያቀብል ያስብና ይተወዋል፤ ጨዋታው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። ማስታወሻ ላይ የሚጻፍ ምንም ነገር አልተፈጠረም። ተከላካይን መመዘን የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ሥራው ሲሳካለት የሚታይ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ተከላካይን የማየው ኳሱ ሩቅ ሳለ ነው። ኳሱ በተቃራኒው መስመር ሲሆን ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። እኔ ከጎሉ ጀርባ ወይም ከማዕዘኑ አጠገብ ቆሜ የዚህን ልጅ አንገት አያለሁ። የጥሩ ተከላካይ አንገት አያርፍም፤ ኳሱን ያያል፣ በትከሻው በኩል አጥቂውን ይቃኛል፣ እንደገና ወደ ኳሱ ይመለሳል። ቀጥሎ አቋቋሙን አያለሁ፤ ፊት ለፊት ተገትሮ ነው ወይስ ጎኑን ሰጥቶ? ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ልጅ ወደ ኋላ ለመሮጥ ዝግጁ ነው። ተገትሮ የቆመው እስኪዞር ድረስ አንድ እርምጃ ያጣል፤ ከፍ ባለ ደረጃ ያቺ አንድ እርምጃ ጎል ናት። ከዚያ አጠገቡ ካለው ተከላካይ ጋር ያለውን ርቀት እከታተላለሁ። ጓደኛው ለመጋፈጥ ሲወጣ ጀርባውን ይሸፍንለታል ወይስ ቆሞ ይመለከታል? አማካዩ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያ እርምጃው ወደየት ነው? ይህን ሁሉ ለማወቅ ልጁ ኳስ መንካት እንኳ አያስፈልገውም።

በእኛ አካባቢ ነፋሱና መሬቱም ይፈትናሉ። አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት 136 ተርባይኖች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በረኛ የለጋው ኳስ አየር ላይ ይዘገያል፣ ይታጠፋል፣ ከተገመተው ቦታ ብዙ ሜትር አጥሮ ይወርዳል ወይም አልፎ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ከሞጆ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ያሉት የሰፈርና የትምህርት ቤት ሜዳዎች አብዛኞቹ ሣር የላቸውም። አፈሩ ይደርቅና ይጠጥራል፤ አንዴ የነጠረ ኳስ ከሰው አናት በላይ ያልፋል። እዚያ ያደገ ተከላካይ ኳስ መሬት እስኪነካ መጠበቅ እንደሌለበት በልጅነቱ ይማራል። ይህ ልጅ ሣር ያለው ሜዳ ላይ ሲገባ፣ ለምሳሌ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በተስተናገዱበት በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ፣ መጀመሪያ ላይ ቀድሞ እየወጣ ይስታል። መራጩ ይህን አይቶ «ችኩል ነው» ብሎ ቢያልፈው ያለ አግባብ ነው። በጥቂት ሳምንት የሚስተካከል ነገር ነው። የኳስን አወራረድ ጨርሶ የማያነብን ልጅ ማስነበብ ግን ከባድ ነው።

እኔ የመጨረሻውን ቦታ በሙከራው ቀን አልሞላውም። ክፍት አድርጌ አቆየውና ጥርጣሬ ውስጥ የከተቱኝን ልጆች ወደ ሰፈራቸው ሄጄ አያቸዋለሁ። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ የሊጉን ተጫዋች ማንም አሰልጣኝ ቤቱ ሆኖ ደጋግሞ ማየት ችሏል። የመቂን ወይም የባቱን ልጅ የሚያሳይ ምስል የለም፤ በእግር መሄድ ነው። ከተቻለም እሱ ሳያውቅ ነው የሚታየው።

ከመቂ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ሙከራው ላይ ጎልቶ አልወጣም። ቀጭን ነው፣ ቁመቱም አጠገቡ ከቆሙት ያንሳል፣ ግራ እግሩ ለመቆሚያ ካልሆነ ብዙም አያገለግለውም ነበር። አንገቱ ግን አያርፍም። ወደ መቂ የሄድኩት ለዚያ አንገት ስል ነው።

ሜዳው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፣ በአቧራ የተሞላ፤ ነፋሱም ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ይነፍሳል። የእሱ ቡድን ነፋሱን ተከትሎ ነበር የሚያጠቃው፤ ስለዚህ የተጋጣሚው በረኛ የሚለጋውን ኳስ ሁሉ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በረኛው ሊለጋ ሲንደረደር ልጁ ኳሱን አላየም። ያየው በረኛው የቆመበትን እግር ነው። በረኛው ገና ኳሱን ሳይመታ ልጁ ጎኑን ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ኳሱ ወጣ፣ ነፋሱ ያዘው፣ ማጠር ጀመረ። አጥቂው ከእሱ በአንድ ራስ የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ኳሱ ወደ ኋላ ያልፋል ብሎ ቀድሞ ዞሯል። ቀጭኑ ልጅ ያን ጊዜ ወደፊት ወጣ፣ አጥቂው ሳይዘል ዘለለ፣ በቴስታም ዝም ብሎ አላራቀውም፤ ግራ መስመር ላይ ብቻውን ለቆመው አማካይ እግር ሥር አሳረፈለት።

ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ልጁን እንድወስደው ያደረገኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሌላ ረጅም ኳስ መጣ፤ አጠገቡ ያለው የመሃል ተከላካይ እስኪነጥር ጠበቀ። ነጠረና አናቱ ላይ አለፈው። አጥቂው ብቻውን ወደ ጎል ሄደ ስንል ቀጭኑ ልጅ እዚያ ነበር። መሮጥ የጀመረው ኳሱ ከነጠረ በኋላ ቢሆን ኖሮ አይደርስም ነበር፤ ጓደኛው ለመጠበቅ ሲቆም አይቶ ነው የተነሳው። ከደረሰም በኋላ ሸርተቴ አልወረደም። በአጥቂውና በጎሉ መካከል ሆኖ፣ እጁን ሰብስቦ፣ ወደ ማዕዘኑ እየገፋ እየገፋ ወሰደው፤ ጓደኛው ተመልሶ እስኪደርስ ጊዜ ገዛ። ኳሱ ከወጣ በኋላ በንዴት እጁን አላወራጨም፣ የጓደኛውን ስህተት ለተመልካች አላሳየም። ጀርባውን መታ አደረገውና «ቀጣዩን ቀድመህ ውጣ፣ እኔ ከኋላህ አለሁ» አለው። የሁለተኛው አጋማሽ ኳሶች ላይ ያ ጓደኛው በድፍረት እየወጣ ይመታ ነበር።

ንግግር ለተከላካይ ግማሽ ሥራው ነው። በእኛ ከተሞች ልጆቹ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ይነጋገራሉ፤ ከሻሸመኔ በኩል የሚመጡት ሌላም ይጨምሩበታል። ወንጂ ደግሞ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ የሰፈረባት ናት፤ የዚያ ሠራተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ከማንም ጋር ቶሎ ይግባባሉ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ የሚያስፈልገኝ አጭርና በጊዜው የሚመጣ ቃል ነው። ጎል ከገባ በኋላ የሚጮኸው ልጅ ብዙ ነው። ሳይገባ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ስለ አካል ልናገር፤ በዚህ ሥራ ትልቁ ወጥመድ እሱ ነውና። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ቀድሞ የጎለመሰ ልጅ በጉልበቱ ብቻ ተከላካይ ይሆናል። ይገፋል፣ ይዘላል፣ ይቀድማል። ቦታ ቢስትም ሮጦ ስለሚደርስ ቦታ መያዝን ሳይማር ያድጋል፤ ሌሎቹ በአካል ሲደርሱበት ምንም አይተርፈውም። የዕድሜ ማጭበርበር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው ለዚህ ነበር። በየከተማው ሙከራ ላይ ግን ኤምአርአይ የለም፤ ያለን የልደት ካርድና የራሳችን ዓይን ነው። ያኔ የሚጎዳው በእውነተኛ ዕድሜው የመጣው ትንሹ ልጅ ነው።

በሌላው ዓለምም ይኸው ነው። በካናዳ ሮጀር ባርንስሌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት፣ ከፍተኛ ደረጃ ከሚደርሱት የበረዶ ሆኪ ወጣቶች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከመጨረሻዎቹ ወራት ይልቅ በጣም ይበዛሉ። ጥቂት ወራት ቀድሞ የተወለደው በልጅነቱ ተለቅ ብሎ ስለሚታይ ይመረጣል፣ ስለተመረጠ ይሠለጥናል። በሰሜን አሜሪካ የሆኪ ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ። ኪሞ ቲሞነን የሚባል ፊንላንዳዊ ተከላካይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመረጠው 250ኛ ሆኖ ነው። ቁመቱ ለተከላካይ አጭር ነው ይባል ነበር። ከ1,100 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የስታንሊ ዋንጫን አንስቶ ጫማውን ሰቀለ። በእግር ኳስም ፍራንኮ ባሬዚን ኢንተር ሚላን በአካሉ አይሆንም ብሎ ሲመልሰው ኤሲ ሚላን ወሰደው፤ ሃያ የውድድር ዘመን እዚያው ተጫወተ። ፋቢዮ ካናቫሮ 1 ሜትር ከ76 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የወርቅ ኳስ ወስዷል። ይህን የምጠቅሰው አጭር ሁሉ ይመረጥ ለማለት አይደለም። አጭር ሆኖ እዚህ ድረስ ተከላካይ ሆኖ የቆየ ልጅ በምን ቆየ ብለን እንድንጠይቅ ነው። ጉልበት ከሌለው፣ የቆየው በጭንቅላቱ ነው።

ሌላው የምመዝነው ድካም ነው። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ከናይጄሪያ ጋር ሰማንያ ደቂቃ ያህል ያለ ጎል ቆየ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰ ቡድን ነበር። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ሪጎሬ ተሰጠብን፤ ሁለቱንም ቪክተር ሞሰስ አገባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያንኑ ቡድን ስንገጥም 1 ለ 1 ከሆንን በኋላ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል እንደገና ሪጎሬ። ያን ዘመን የተጫወቱት ተከላካዮች በአገራችን ምርጥ የሚባሉ ነበሩ፤ እስከዚያ ደቂቃ ያደረጉትም ያኮራል። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ተከላካይ በ15ኛው ደቂቃ ሳይሆን በ80ኛው መታየት እንዳለበት ነው። እግር ሲዝል አእምሮ ይቀድመዋል ወይስ እጅ? ማሊያ የሚይዝ፣ 16 ከ50 ውስጥ እግሩን የሚዘረጋ ልጅ ብዙ ጊዜ የደከመ ልጅ ነው። ስለዚህ ለመጨረሻው ቦታ የቀሩትን ልጆች ጠዋት ካጫወትኳቸው በኋላ ከሰዓት እንደገና አስገባቸዋለሁ፤ ትኩስ አጥቂም አመጣባቸዋለሁ። ጭካኔ እንዳይመስል ምሳና ውሃ በደንብ እንዲያገኙ አደርጋለሁ፤ ከሩቅ የመጣ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ሊሆን ይችላልና።

የመቂው ልጅ ላይ ባልደረባዬ አልተስማማም። «ኮች፣ ይሄኛው ረጅሙ ምን ጎደለው? በሁለቱም እግሩ ይመታል፣ በቴስታም ጥሩ ነው፣ አይበላሽም» አለኝ። እውነቱን ነው። ረጅሙ ልጅ በሁሉም ነገር ደህና ነበር። «ደህና የሆነ ልጅ አሁን ስንት አለን?» አልኩት። ቆጠረና ዝም አለ። ለመጀመሪያ ተሰላፊ ስመርጥ ጉድለት የሌለበትን እወስዳለሁ፤ ነገ ይጫወታልና። የመጨረሻው ቦታ ግን የነገ አይደለም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚታይ ነው። ሁለት ዓመት ካለኝ ግራ እግርን አስተምራለሁ፣ የቴስታ አመታት አስተምራለሁ፣ ምግብና ሥራ ሰውነትን ይሞላል። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት አደጋን ቀድሞ የማያይን ልጅ ማሳየት፣ ከጓደኛው ስህተት በኋላ የሚረበሽን ልጅ ማርጋት ግን በእጄ አይደለም፤ ሞክረን የተሳካልን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ የማይሰጥ ነገር በሙላት ያለውንና የሚታረም ጉድለት ያለበትን እመርጣለሁ።

የደላላም ነገር አለ፣ የዘመድ ስልክም አለ። የመጨረሻው ቦታ ላይ ነው የሚበዛው፤ «አንድ ቦታ እንኳ» የሚባለው እዚያ ነውና። መከላከያዬ ማስታወሻዬ ነው። የት እንዳየሁት፣ ከማን ጋር ሲጫወት እንዳየሁት፣ ምን እንዳደረገ ከጻፍኩ ለማንም አንብቤ ማሳየት እችላለሁ።

ልጁን ከመውሰዴ በፊት ወላጆቹን አነጋግራለሁ። የመቂው ልጅ እናት ሽንኩርትና ቲማቲም ይነግዳሉ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ጋሼ፣ ኳሱ ይሁን፤ ትምህርቱስ?» አሉኝ። «እህቴ፣ ትምህርቱን ካቋረጠ እኔም አልወስደውም፤ መልቀቂያውን አውጥተው አዳማ ትምህርት ቤት እናስገባዋለን» አልኳቸው። የመጨረሻ ሆኖ ከተመረጠ ልጅ ብዙው በኳስ እንጀራ አይበላም፤ ይህን ለእናት ሳልናገር ልጅ ከቤት አላስወጣም። «ሸክም እያገዘኝ ነበር» አሉና ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ልጁን ጠርተው ራሱን ጠየቁት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ቀላልና አሰልቺ ነበር። ከልምምድ በፊት ግድግዳ ላይ በግራ እግር ብቻ መቀባበል፣ ከልምምድ በኋላ ከበረኛው ጋር የተሻማ ኳስ። በጉልበት እንዲጋፋ አላስገደድኩትም፤ ሰውነቱ ገና ነው። ጎል በማግባት ወይም ኳስ በመንጠቅ ብዛትም አልመዘንኩትም። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመመዘን የማየው አጠገቡ የሚጫወቱትን ነው። ከእሱ ጋር የተሰለፈው የመሃል ተከላካይ ስህተቱ ቀነሰ ወይ? የመስመር ተከላካዩ ወደፊት ሲሄድ ዞር ዞር ማለቱን ተወ ወይ? ግማሽ ዓመት ሲሞላ በረኛውን ለብቻው ጠርቼ ከማን ጋር መጫወት እንደሚመርጥ ጠየቅኩት። የሌላውን ረጅም ተከላካይ ስም ይጠራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «ኮች፣ የመቂው ሲኖር ብዙ አልጮህም» አለኝ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ አሰለፍኩት። ግራ እግሩ አሁንም ሥራ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ መቀባበሉን አላቆመም።